ለመስቀል የታሰረችው በግ



ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ልጆችን ከሜዳ ባባረረበት አንድ ቅዳሜ፣ የትምህርተ ክርስቶስ ተማሪዎቻችንን በቁምስናው አዳራሽ ሰብስበን አንድ ፊልም አሳየናቸው። ነጭ አንሶላ በግድግዳው ላይ ወጥረን፣ ማሳያውን መሣሪያ ከሰው ተውሰን ነበር። ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ መብራት ጠፋ። እንግዲህ ተነሥተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አንድም አልተነሣም። በጨለማው ውስጥ አንዲት ትንሽ ልጅ፦ «አባ፣ ያርዷታል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹም ይህንኑ ጥያቄ እየተቀባበሉ ደጋገሙት። ከወደ ኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ ሌላ ነገር ጠየቀ፦ «አባቱስ ተመልሶ ይመጣል?»

ይህን ልጅ ዐውቀዋለሁ። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ፊልሙን የደረሰውና ያዘጋጀው ኢትዮጵያዊው ያሬድ ዘለቀ ነው። ያሬድ በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ ያደገ፣ በልጅነቱም ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከቤቱ ተነቅሎ በሌላ ቤት የሚተከል ልጅ የሚሰማውን ስሜት ከመጽሐፍ የተማረው አይመስልም። ሥራው በአማርኛ የተሠራ ቢሆንም በዓለም ዘንድ የታወቀው «ላምብ» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ነው፤ ትርጓሜውም የበግ ጠቦት ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋ ለመታየት ከተመረጡት አንዱ ሆነ፤ ለዚህ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም እርሱ ነው። ሆኖም በእኛ አካባቢ፣ ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ቦንጋ፣ ስለ እርሱ ሲነገር የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። በየስልኩ የባዕድ አገር ድብድብ ሲታይ ይመሻል፤ የራሳችን ሰው ስለ ራሳችን ልጆች የሠራው ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ካህን ስለ ፊልም መስበኩ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ሲኒማ ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል፤ የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤም በ1963 ስለ መገናኛ ዘዴዎች የራሱን ድንጋጌ አውጥቶአል፤ ሲኒማ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1995 ቫቲካን 45 ፊልሞችን መርጣ ለምእመናን አስተዋውቃለች። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

የፊልሙ ታሪክ ሲነገር አጭር ነው። ኤፍሬም የ9 ዓመት ልጅ ነው። ድርቅና ረሃብ እናቱን ነጥቀውታል። ከእርሷ ሞት ወዲህ ከጎኑ የማትለየው ቹኒ የምትባል በጉ ናት። አባቱ ልጁንና በጓን ይዞ፣ በድርቅ ከተመታው ቀዬአቸው ርቆ፣ በለምለም ተራሮች መካከል ከሚኖሩ ዘመዶቹ ዘንድ ያደርሳቸውና እርሱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤፍሬም የሰው ቤት ልጅ ነው። በዚያ ቤት አጎቱ ሰሎሞን አለ፤ እማማ የሚባሉ የቤቱ አሮጊት አሉ፤ የታመመች ሕፃን አለች፤ ከትዳር ይልቅ ንባብ የሚስባት ጽዮን የምትባል ዘመድ አለች። ልጁ ማረስ አይሆንለትም። ምግብ መሥራት ግን ከእናቱ ተምሮአል፤ ይህም በአጎቱ ዘንድ ለወንድ ልጅ ነውር ሆኖ ይቆጠራል። የመስቀል በዓልም ቀረበ። አጎቱ በጓ ለበዓሉ እንደምትታረድ፣ የሚያርዳትም ኤፍሬም ራሱ እንደሚሆን ነገረው። ልጁ ከዚህ በኋላ በጓን አድኖ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ዘዴ ያወጣል ያወርዳል፤ ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ይሸጣል። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ የቁምስናችን ልጆች መብራት እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል በጨለማ ጠብቀው ያዩትን እኔ በአንድ መስመር ባበላሸው ይቀየሙኛል።

ስለ ሕፃንነትና ስለ እምነት የተሠሩ ፊልሞች ሲነሡ በካቶሊካውያን ዘንድ ቶሎ የሚታወሰው እ.ኤ.አ. በ1955 በስፔን የተሠራው «ማርሴሊኖ፣ ኅብስትና ወይን» ነው። በዚያ ፊልም በገዳም ደጅ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን በፍራንቸስካውያን ወንድሞች እጅ ያድጋል፤ በጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ ላለው የተሰቀለ ክርስቶስ ኅብስትና ወይን ይወስድለታል፤ ክርስቶስም ከመስቀሉ ወርዶ ከእጁ ይቀበላል። የሚያምር ታሪክ ነው። በያሬድ ፊልም ግን ከመስቀል የሚወርድ የለም። ኤፍሬም የሚያቀርበው ሳምቡሳ ነው፤ የሚቀበሉትም ገበያተኞች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ከማርሴሊኖ ይልቅ ኤፍሬም ይቀርበኛል። በቁምስናችን ያሉ ልጆች ክርስቶስ ከመስቀል ወርዶ ሲበላ አላዩም፤ እናታቸው የምትጋግረው እንጀራ ከቤት ሲታጣ ያዩት ግን ብዙ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለዚያ ምግብ ጥቂት ልናገር። ኤፍሬም ከእናቱ የወረሰው መሬትም ከብትም አይደለም፤ የእጇን ሙያ ነው። ምጣድ አጠገብ በተቀመጠ ቁጥር ከእርሷ ጋር ይሆናል። ጌታችንስ የሞቱን መታሰቢያ የሠራልን በማዕድ አይደለምን? ወንድ ልጅ ወደ ማድቤት ሲገባ የሚቆጡ አባቶች ደግሞ የዮሐንስን ወንጌል 21ኛ ምዕራፍ ቢያነቡ መልካም ነው፤ ከሙታን የተነሣው ጌታ በባሕሩ ዳር ፍም አያይዞ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ ሌሊቱን በከንቱ ሲደክሙ ያደሩትን ደቀ መዛሙርት ቁርስ ያበላበት ምዕራፍ ነው።

ወደ በጓ እንመለስ። በእኛ ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ተካፍሎ ስለሚኖር የበግ ድምፅ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ በመስቀልና በፋሲካ ከእኛ ግቢ፣ በአረፋ ከጎረቤት ግቢ። በጉ ከሂርማታ ገበያ ተገዝቶ በገመድ እየተጎተተ ይመጣል፤ ከቡናው ጥላ ሥር ይታሰራል። ልጆች ቅጠል ያበሉታል፤ ስም ያወጡለታል። በበዓሉ ጠዋት አባት ቢላዋ ሲስል አንደኛው ልጅ ከጓዳ ተሸሽጎ ያለቅሳል፤ እኛም «ለበግ ይለቀሳል እንዴ?» እያልን እንስቅበታለን። እኔም ስቄአለሁ። ይህን ፊልም ካየሁ በኋላ ግን በኦሪት ዘጸአት 12ኛው ምዕራፍ ላይ ቀድሞ ያላስተዋልሁትን ነገር አስተዋልሁ። እግዚአብሔር እስራኤላውያን የፋሲካውን ጠቦት በወሩ በ10ኛው ቀን ለይተው እንዲወስዱ፣ የሚያርዱት ግን በ14ኛው ቀን እንዲሆን አዘዘ። እነዚያን ቀኖች ጠቦቱ የት ይቆያል? ከቤተሰቡ ጋር ነው። ልጆች በእነዚያ ቀኖች ምን ያደርጋሉ? የእኛ ልጆች የሚያደርጉትን ነዋ። መሥዋዕቱ ዋጋው የማይታወቅ ሥጋ ሆኖ እንዳይቀርብ፣ አስቀድሞ የቤት ልጅ እንዲሆን የተፈለገ ይመስለኛል። ከጓዳ የሚያለቅሰው ልጅ ምናልባት የበዓሉን ምሥጢር ከእኛ ይልቅ ተረድቶታል።

ነቢዩ ናታንም ዳዊትን የገሠጸው በእንዲህ ያለች በግ ነው (2ኛ ሳሙ. 12)። ድሀው ሰው አንዲት በግ ብቻ ነበረችው፤ ከልጆቹ ጋር አደገች፤ ከጉርሻው ትበላ፣ ከጽዋው ትጠጣ፣ በብብቱ ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች። ባለጠጋው ለእንግዳው ሊያርድ ሲፈልግ የራሱን መንጋ ትቶ ያችን አንዲቱን ወሰደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቁጣ ነደደ፤ ሰውዬው ራሱ እንደሆነ አላወቀም ነበርና። ሰሎሞንን ግን ከዚያ ባለጠጋ ጋር አንድ አላደርገውም። በሰሎሞን ቤት መንጋ የለም፤ ችግር አለ፤ የታመመች ልጅ አለች፤ አባቶቹ ያቆዩት ሥርዓትም አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም የሚያስፈራው ይኸው ክፉ ሰው አለመሆኑ ነው። ልጅን የሚጎዳው ክፉ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥንቃቄው በቀለለ ነበር፤ ለቤቱ የሚያስብ፣ በዓል የሚያከብር፣ መስቀል የሚሳለም ሰውም ያደርገዋል።

የፊልሙ ባለታሪኮች ስሞች በዋዛ የወጡ አይመስሉም። የኤፍሬም አባት ስሙ አብርሃም ነው። አብርሃም ልጁን ይዞ ሩቅ መንገድ ይሄዳል፤ አብረዋቸው አንዲት በግ አለች፤ ልጁም ወዴት እንደሚወሰድ በሚገባ አያውቅም። ይህን የሚያይ ክርስቲያን የኦሪት ዘፍጥረትን 22ኛ ምዕራፍ እንዴት ሊረሳ ይችላል? በዚያ መንገድ ይስሐቅ አባቱን፣ እሳቱና እንጨቱ ይኸው አለ፤ በጉስ የት ነው? ሲል ጠይቆት ነበር። በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ከተጻፉት የሕፃናት ጥያቄዎች ሁሉ ልብ የሚሰብር እርሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጠያቂው መልሱ ራሱ እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን፤ በዕፀ ሳቤቅ የታሰረው በግ ስለ ልጁ ተሰዋ፤ ቢላዋውም ከልጁ ላይ ተነሣ። አባቶቻችን በዚያ በግ ክርስቶስን አዩ። በቅዳሴያችን ከመቁረባችን በፊት የእግዚአብሔር በግ ብለን የምንጠራው እርሱ አንድ ጊዜ ተሰውቶአል። ከእርሱ በኋላ እግዚአብሔር ከማንም ቤት ልጅ እንዲታሰርለት አልጠየቀም።

ኤፍሬም የሚለው ስም ደግሞ በዮሴፍ ቤት የተወለደ ስም ነው። ዮሴፍ በባዕድ አገር ለተወለደለት ለሁለተኛው ልጁ ይህን ስም ያወጣው እግዚአብሔር በመከራው ምድር ፍሬያማ ስላደረገው እንደሆነ ተጽፎአል (ዘፍ. 41)። ነቢዩ ኤርምያስም በ31ኛው ምዕራፍ ራሔል ስለ ልጆቿ ስታለቅስ ካሰማን በኋላ፣ እግዚአብሔር ኤፍሬምን እንደሚወደው ልጅ እያስታወሰ አንጀቱ እንደሚላወስለት ይነግረናል። በሰው ቤት የሚያድግ ልጅ ሁሉ ይህን ስም ቢሸከም አይከብደውም።

አሁን ወደ ማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ እንሂድ። ደቀ መዛሙርቱ በመንግሥተ ሰማያት ማን እንደሚበልጥ ሲጠይቁ ጌታችን አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመው። ስለዚህ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሰብከናል፤ እንደ ልጆች ትሑታን ሁኑ፣ ንጹሓን ሁኑ ብለናል። መልካም ነው። ነገር ግን ንባቡን በዚያ እንቆርጠዋለን። ወረድ ሲል ከእነዚህ ከታናናሾች አንዱን ለሚያሰናክል በአንገቱ የወፍጮ ድንጋይ ታስሮ በባሕር ጥልቅ መስጠም እንደሚሻለው ተነግሮአል፤ መላእክታቸው ዘወትር የአባቴን ፊት ያያሉ ተብሎአል፤ ከዚያም በቀጥታ ከመቶው አንዷ የጠፋችበት ሰው ታሪክ ይከተላል። ሕፃኑና በጓ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ያ ሕፃን በምዕራፉ ሁሉ አንድ ቃል አይናገርም። ስሙም አልተጻፈም። ቆሞ ያያቸዋል። እኔ እንደማስበው በዚያች ቀን የተመረመረው የሕፃኑ ንጽሕና አልነበረም፤ በፊቱ የቆሙት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ የሚመረመሩት።

ስለ ንጽሕናም ካነሣን፣ ኤፍሬም ነጭ ልብስ እንደ ለበሱት የሥዕል መላእክት ያለ ልጅ አይደለም። ይደብቃል፣ ያታልላል፣ ከልጆች ጋር ይጣላል፣ ይነግዳል። ንጽሕናው ያለው በሌላ ቦታ ነው። የሚወዱት ነገር ለሚበላ ነገር እንደሚለወጥ ገና አልተማረም፤ ይህን ትምህርት ሊያስተምሩት ሲሞክሩም እምቢ ይላል። እምነቱም እንዲሁ ነው። ሲሰብክ አንሰማውም። ነገር ግን የመጣበት መንገድ ወደ ቤቱ እንደሚመልሰው፣ አባት የተባለ ሰውም ልጁን እንደማይረሳ ያምናል። እኛ ይህንን የልጅ ሞኝነት እንለዋለን። ጌታችን ግን አባታችን ሆይ ብላችሁ ጸልዩ ሲለን የተማመነው በዚሁ ሞኝነት ላይ ነው።

በተስፋ መጠበቅ ለምድራችን እንግዳ አይደለም። አቡነ መሲያስ እየተባሉ የሚታወሱት ካፑቺናዊው ጉልየልሞ ማሳያ ከካፋ ተባርረው የወጡት እ.ኤ.አ. በ1861 ነበር። ቅድስት መንበር የካፋን ሐዋርያዊ አስተዳደር አቋቁማ ለኮንሶላታ ሚስዮናውያን የሰጠችው በ1913 ነው፤ እነርሱም ጥቂት ዓመታት ቆይተው ወደ ስፍራው ሲደርሱ የቀድሞውን እምነት ያልረሱ ቤተሰቦች አገኙ። ቍጥሩን አስሉት። በ1861 ሕፃን የነበረ ሰው በዚያን ጊዜ 60 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በጭቃ ቤት፣ በእሳት ዳር፣ ከእናቱ የሰማውን ጸሎት እስከ ሽበት ድረስ ይዞ መጠበቅ ምን ያህል እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አልችልም። የማውቀው ግን፣ ጥበቃው እውነተኛ የሚሆነው ቃል የሰጠው ሰው እውነተኛ ሲሆን ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

በአዳራሹ ከወደ ኋላ ሆኖ የጠየቀው ልጅ ከአያቱ ጋር ይኖራል። እናቱ፣ ከአካባቢያችን እንደ ሄዱት እንደ ብዙዎቹ፣ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። አምና በጳጉሜን ከቅዳሴ በኋላ ቀሚሴን ይዞ፦ «አባ፣ እናቴ ለመስቀል ትመጣለች?» አለኝ። ቸኩዬ ነበር፤ ሰዎች ይጠብቁኛል። እጄን በራሱ ላይ ጭኜ፦ «አዎን፣ ትመጣለች፤ ብቻ ጸልይ» አልሁት። ከየት አውቄ ነው? ምንም የማውቀው ነገር አልነበረም። ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት፤ ለዚህም የእግዚአብሔርን ስም ተጠቀምሁ። በደመራው ዋዜማ ለአንድ ጉዳይ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ከቲኬት መቁረጫው አጠገብ ተቀምጦ አየሁት። ከጅማ የሚመጡት መኪኖች በቆሙ ቁጥር ይነሣና ከበሩ የሚወርዱትን አንድ በአንድ ያያል። አለፍሁት። ሊያየኝ እንዳይችል በሌላው ወገን ዞሬ ነው ያለፍሁት። የመጨረሻው መኪና ከመሸ በኋላ እንደሚገባ ዐውቃለሁ፤ እስከዚያ እንደ ቆየም በኋላ ከአያቱ ሰማሁ። በማግሥቱ እንደ ወትሮው መጥቶ በመሠዊያው አገለገለ፤ ጧፉን ሲያበራ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ወዲህ ግን አንዳች ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ እስከዚያ የፊልም ምሽት ድረስ።

ይህን የምጽፍላችሁ ጊዜው ስለ ደረሰ ነው። ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ከመስቀል በኋላ ጥቅምት ሲብት የቡና ፍሬ መቅላት ይጀምራል። ቡናው ቤታችን፣ ልብሳችን፣ የልጆቻችን ደብተርም ጭምር መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ልጅ ከትምህርት በኋላና በቅዳሜ ከወላጆቹ ጋር ቅርጫት ይዞ ቢለቅም የሚነቅፈው የለም፤ እኔም በልጅነቴ ለቅሜአለሁ። ግን በኅዳር ወር የትምህርተ ክርስቶስ መዝገባችንን ስገልጥ ከስሞቹ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ይበዛል። ከነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በጥር ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹም ከዚያ ወዲያ አይመለሱም። ከሩቅ ገጠር ለለቀማ የመጡና ከማያውቁት ሰው ቤት የሚያድሩ ትንንሽ ልጆችም አሉ። ለዘመድ ተሰጥተው በከተማ የሚያድጉ፣ የዘመድነቱ ስም ሽፋን ሆኖ ውኃ ሲቀዱና ልጅ ሲያዝሉ የሚውሉ ሴቶች ልጆች አሉ። አባት ወይም እናት ሲሰጡአቸው አንድ ነገር ተናግረዋቸዋል፤ ትማሪያለሽ፣ በበዓል እንወስድሻለን፣ ለፋሲካ እንመጣለን ብለዋቸዋል። ያ ቃል የት ደረሰ? በቤታችሁ የሰው ልጅ የምታሳድጉ፣ ያ ልጅ በመሰሎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆቻችሁ ከሚበሉበት ገበታ ይበላልን? ልጆቻችሁን በሰው ቤት ያስቀመጣችሁስ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፃቸውን የሰማችሁት መቼ ነው? በግ በብድር ገዝቶ በዓልን ማድመቅ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ በዚያው ገንዘብ ተሳፍሮ ሄዶ ልጅን ጠይቆ መምጣት ግን ከበዓል አይቆጠርም። ዘንድሮ ቢቆጠር ምን አለበት? በሥጋ ፈንታ ሽሮ የተበላበት መስቀል እንኳ መስቀልነቱ አይቀርም።

መብራቱ በዚያን ቀን ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ፤ ፊልሙም አለቀ። ልጆቹ በዝናብ ውስጥ እየተሯሯጡ ሲበተኑ ያንን ልጅ በጃንጥላዬ ሥር አስገብቼ እስከ ቤቱ ሸኘሁት። በመንገድ ላይ ነገርሁት፤ ባላወቅሁት ነገር ቃል እንደ ሰጠሁት፣ በመናኸሪያውም አይቼው እንዳላየ ሆኜ እንዳለፍሁ ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት። ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ካህን ይቅር በለኝ ሲለው ምን እንደሚመልስ የሚያስተምር ትምህርተ ክርስቶስ የለንም። ጥቂት ዝም ብሎ ተራመደ። ከዚያም ቀና ብሎ፦ «አባ፣ ለመስቀል ነው ያሉኝ፤ የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ አልነገሩኝም እኮ» አለኝ።

አያቱ እንደ ነገሩኝ እናትየው በስልክ ደኅና መሆኗን ትናገራለች፤ የምትመጣበት ቀን ግን አልታወቀም። ይህን ለልጁ እንዳለ ነግሬዋለሁ፤ ሰምቶአል። ቢሆንም በዘንድሮው የደመራ ዋዜማ ወደ መናኸሪያው መሄዱ እንደማይቀር አውቃለሁ። የመጨረሻው መኪና እስኪገባ ድረስ አብሬው እንድቀመጥ ፈቅዶልኛል።